ዘበኛው ባላምባራስ

ከስድስት ኪሎ ተነስቶ ሽቅብ ወደ እንጦጦ የወጣ ሰው ጉልበቱ ሲዝል ዞር ብሎ ቁልቁል ማየቱ አይቀርም። ከተማዋ ከእግሩ ሥር ተዘርግታለች። ፊቱን ወደ ደቡብ ካደረገ በግራው በኩል የካ ነው፦ ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ቀበና፣ ከዚያ ወዲያ የካ ሚካኤልና ኮተቤ። ልክ ከግርጌው ደግሞ ስድስት ኪሎና የዩኒቨርሲቲው ግቢ፣ የድሮው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት አለ። በ2013 የእንጦጦ ፓርክ ከተከፈተ ወዲህ ወደዚህ ተራራ የሚወጣው ሰው በዝቷል። ፎቶ ይነሳል፣ ቡና ይጠጣል፣ ንፁህ አየር ተንፍሶ ይመለሳል። ደግ ነው፤ ቅር የሚያሰኝ ነገር የለውም።

እኔ ግን እዚያ ስቆም የምፈልገው ሌላ ነገር ነው። ከዚያ ቦታ ላይ የአንድን ሰው ሕይወት ከዳር እስከ ዳር ማየት ይቻላል። ያ ሰው በ1928 ከዚህች ከተማ ተሸንፎ ወጣ። በ1933 በዚሁ በእንጦጦ በኩል አሸንፎ ተመለሰ። በ1953 ደግሞ ከተራራው ግርጌ፣ በገነተ ልዑል አንድ ክፍል ውስጥ፣ እጁ ባዶ ሳለ በገዛ አገሩ ሰዎች ጥይት ወደቀ። ራስ አበበ አረጋይ ናቸው።

አርበኝነታቸውን የማያውቅ የለም። ሚኒስትርነታቸውንም የታሪክ መጽሐፍ ያገላበጠ ሁሉ ያስታውሳል። የሚረሳው አንድ ነገር ነው፤ እኚህ ሰው ፖሊስ ነበሩ። ጣሊያን አዲስ አበባ ሲገባ ባላምባራስ አበበ አረጋይ የከተማዋ ፖሊስ አዛዥ ነበሩ። ስለ እሳቸው የሚጻፈው ሁሉ ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጠቅሶ ቶሎ ወደ ጫካው ይሄዳል። ጫካው ጀግንነት ነዋ! የፖሊስ ሥራ ምን ይወራለታል? ለእኔ ግን የሰውየው ሕይወትም አሟሟታቸውም የሚገባኝ ከዚያች ከተዘለለችው ዓረፍተ ነገር ሲጀመር ነው።

ለነገሩ ያኔ ፖሊስ የሚባለው ሥራ ራሱ ለአገሩ አዲስ ነበር። በምኒልክ ጊዜ ገበያውንና ከተማውን የሚጠብቅ የአራዳ ዘበኛ የሚባል ነበረ። ደንብ ልብስ የለበሰ፣ እንደ አውሮፓው የሠለጠነ ፖሊስ ለማቆም የተሞከረው ኋላ በአልጋ ወራሽ ተፈሪና በንጉሠ ነገሥትነታቸው የመጀመሪያ ዓመታት ነው። ባላምባራስ አበበ የዚያ ትውልድ ልጅ ናቸው። የራስ ጎበና ዳጨ የልጅ ልጅ ሲሆኑ፣ በክብር ዘበኛ አገልግለው የከተማዋ ፖሊስ አዛዥ ሲሆኑ ዕድሜያቸው ገና ወደ ሠላሳዎቹ መጀመሪያ ነበር። የባላባት ዘር የሆነ ሰው ጦር ይዞ ይዘምታል እንጂ የገበያ ሌባ አያሳድድም በሚባልበት አገር፣ ሥራቸው ቀኑን ሙሉ ከሌባና ከሰካራም፣ ከቀማኛና ከተጣላ ጎረቤት ጋር መዋል ነበር።

አሁን ወደ ሚያዝያ 1928 እንሂድ። (ዘመኑ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው።) ማይጨው ላይ ጦሩ ተፈታ። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ለሊት በባቡር ወደ ጂቡቲ ሄዱ። የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ነው። በመሃል ያሉት ቀናት የማንም አልነበሩም። ንጉሥ የለ፣ ሚኒስትር የለ፣ ዳኛ የለ። ከግንባር የተመለሰው ወታደር ጠመንጃ እንጂ ስንቅ የለውም። የከተማው ሰው ደግሞ ሱቁ ሁሉ ነገ ለጣሊያን ሊሆን ዛሬ ለምን እኔ አልወስደውም አለ። አራዳ ተዘረፈ፣ ተቃጠለ። ወገን ወገኑን ገደለ።

በዚህ ጊዜ የካ ላይ የሆነውን ነገር ማስታወስ ደግ ነው። ሌጋሲዮኖቹ ከከተማው ወጣ ብለው በምሥራቅ በኩል፣ ዛሬ የካ ክፍለ ከተማ በምንለው አካባቢ ሰፊ ሰፊ ግቢ ነበራቸው። የውጭ አገር ሰው ሁሉ ሻንጣውን ይዞ ወደዚያ ሮጠ። በእንግሊዝ ሌጋሲዮን ግቢ ውስጥ ብቻ ከሺህ በላይ ሰው ተጠልሎ፣ ከሕንድ የመጡ የሲክ ወታደሮች ይጠብቁት ነበር። ፈረንሳዮቹም ግቢያቸውን አጥረው ሰው አስጠለሉ። እንግዲህ አስቡት፤ በአንዲት ከተማ ውስጥ ለባዕዱ ግቢ ዘበኛ ተገኘለት፣ ለባለአገሩ ግን አልተገኘም። የባለአገሩ ዘበኛ አለቃ ባላምባራስ አበበ ነበሩ።

እዚህ ላይ እውነቱን እንነጋገር። የፖሊስ አዛዡ ከተማቸውን ማዳን አልቻሉም። መንግሥት የሌለው ፖሊስ ምን ያደርጋል? ዘራፊውን ይዞ ወዴት ይወስደዋል? ለየትኛው ዳኛ ያቀርበዋል? ደሞዙን የሚከፍለው ማነው? ፖሊስ ብቻውን ኃይል አይደለም፤ ከኋላው ሕግ አለ ተብሎ ሲታመን ነው ኃይል የሚሆነው። ያ እምነት በአንድ ሌሊት በባቡር ሄደ። የቀረው ደንብ ልብስ ነው። ደንብ ልብስ ብቻውን ከዘራፊ ጥይት አያስጥልም።

ለባላምባራሱ የቀረላቸው መንገድ ሦስት ነበር። አንደኛው እንደ ብዙዎቹ ቤታቸው ገብተው መቀመጥ። ሁለተኛው ከተማዋን ለሚረከበው ጌታ ማደር፤ ቅኝ ገዥ የትም ቢሄድ መጀመሪያ የሚፈልገው ከተማውን የሚያውቅ ፖሊስ ነው፤ እሳቸው ደግሞ መንደሩን፣ ሰዉን፣ የጦር መሣሪያ ያለበትን ሁሉ ያውቃሉ። ሦስተኛው መውጣት። ከጥቂት ተከታዮቻቸው ጋር ወደ ሰሜን ሸዋ ወጡ። የከተማው ጠባቂ ከተማውን ትቶ ሄደ ሊባል ይችላል። እኔ ግን ሥራቸውን ይዘውት የወጡ ይመስለኛል። መጠበቅ ያለበት ነገር ከተማው ውስጥ አልነበረማ!

ከዚያ በኋላ ያለው አምስት ዓመት በብዙ መጽሐፍ ተጽፏል። በሐምሌ 1928 አርበኞች አዲስ አበባን ከየአቅጣጫው ለማጥቃት ሞከሩ። የራስ ካሣ ልጆች አበራና አስፋወሰን፣ ደጃዝማች ባልቻ፣ ፍቅረ ማርያም አባ ተጫን፣ ባላምባራስ አበበም ከዘመቱት ውስጥ ነበሩ። ክረምት ነው፤ ወንዙ ሁሉ ሞልቷል፤ መልእክት ለመለዋወጥ ስልክም ራዲዮም የለም። አንዱ ሲገባ ሌላው አልደረሰም። ሙከራው ከሸፈ። አቡነ ጴጥሮስ በጣሊያን ጥይት በአደባባይ የተገደሉት በዚያው ሰሞን ነው። ዛሬ ከቀበና ወደ የካ ስንሄድ በእንግሊዝና በሩሲያ ኤምባሲ በኩል የምናልፍበት መንገድ በፍቅረ ማርያም አባ ተጫን ስም የተሰየመ ነው። ስሙን ከነትርጉሙ የሚያውቅ መንገደኛ ስንት እንደሆነ እግዜር ይወቅ፤ ታክሲው የሚጣራው «ቀበና፣ መገናኛ» እያለ ነው።

በታኅሣሥ 1929 አበራና አስፋወሰን ካሣ ምሕረት ታገኛላችሁ ተብለው ፍቼ ላይ እጃቸውን ሰጡ። ተገደሉ። በየካቲት ራስ ደስታ ዳምጠው ተይዘው ተረሸኑ። በዚያው ወር፣ የካቲት 12፣ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ደጃፍ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ተወረወረና አዲስ አበባ ሦስት ቀን በደም ታጠበች። ይህን ቤተ መንግሥት ልብ በሉልኝ፤ እንመለስበታለን።

አበበ አረጋይ መንዝን፣ መርሐ ቤቴን፣ ቡልጋን፣ ጅሩን እየተዘዋወሩ ቆዩ። ያቆያቸው ጀግንነት ብቻ አይመስለኝም። የፖሊስ ዓይንም ነው። ማን ምን እንደሚያወራ መስማት፣ ከከተማው ውስጥ አርበኞች መድኃኒትና ጥይት ማስመጣት፣ የጠላትን ቃል በጠላት ሥራ መመዘን የከተማ ሥራ ያስተማራቸው ነገር ነው። በ1932 ጄኔራል ናሲ በድርድር ሊያስገባቸው ብዙ ደክሟል። ደብዳቤ ተለዋወጡ፣ ሽማግሌ ተመላለሰ። በዚህ ምክንያት ያኔም ኋላም ያሟቸው ነበሩ። የሆነው ግን ይህ ነው፤ ድርድሩ ሲጎተት ጊዜው አለፈ፣ እሳቸው አልገቡም። በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ ጣሊያን ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት ውስጥ ገባ፣ ነገሩም ተለወጠ።

አሁን እንጦጦ ደረስን።

መጋቢት 28 ቀን 1933 የእንግሊዝ ጦር አዲስ አበባ ገባ። ከተማው ውስጥ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ የጣሊያን ሲቪሎች፣ ሴቶችና ሕፃናት ጭምር ነበሩ። እንግሊዞቹ የፈሩት አንድ ነገር ነው፤ አምስት ዓመት ቤቱ የተቃጠለበት፣ ወንድሙ የተሰቀለበት አርበኛ ጠመንጃውን ይዞ ቢገባ ምን ይሆናል? ለየካቲት 12 ብድር ቢከፍል ማን ይከለክለዋል? ስለዚህ አርበኛው ከከተማው ውጭ እንዲቆይ ፈለጉ። የቀድሞው የከተማዋ ፖሊስ አዛዥ ከተማቸውን ከላይ እያዩ ቆዩ።

ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ንጉሠ ነገሥቱ ከፍቼ በኩል መጥተው እንጦጦ ማርያም ደረሱ። በዚያ መንገድ ግራና ቀኝ የተሰለፈው የራስ አበበ ጦር ነው። ጎፈሬው የተንጨፈረረ፣ ልብሱ የነተበ፣ መሣሪያው ከጠላት የተማረከ በሺህ የሚቆጠር ሰው። ንጉሡ በዚያን ዕለት ባደረጉት ንግግር ክፉን በክፉ አትመልሱ፣ በሕፃንና በሴት ላይ እጃችሁን አታንሱ የሚል ትእዛዝ ሰጡ። የተፈራው እልቂት አልሆነም።

ይህን ነገር እንደ ተራ ነገር እናልፈዋለን፤ ተራ ነገር ግን አይደለም። በሚያዝያ 1928 ጠላት ሳይገባ፣ ወገን ከተማውን በሦስት ቀን አወደመው። በሚያዝያ 1933 ያው ሕዝብ፣ ያውም ቂም ቋጥሮ፣ ያውም ታጥቆ፣ ያንን አላደረገም። በመሃሉ ምን ተጨመረ? ሰዉ መልአክ አልሆነም። የተጨመረው የሚሰማው አለቃና አለቃው የሚሰማው ሕግ ነው። በ1928 ከተማውን መጠበቅ ያቃተው ፖሊስ አዛዥ፣ በ1933 ከእንጦጦ ላይ ጦሩን ይዞ በመቆም ከተማውን ጠበቀው። ለራስ አበበ ሐውልት ይሠራ ቢባልና የት ይቁም ብለው ቢጠይቁኝ፣ ጥይት የተኮሱበትን ሳይሆን ያልተኮሱበትን ይህንን ቦታ እመርጥ ነበር።

ይሄን ስል ሰውየውን ጻድቅ ላደርጋቸው አይደለም። የታሪክ ዓምድ ገድል አይደለም። ከነፃነት በኋላ የጦር ሚኒስትር፣ የትግራይ ጠቅላይ ገዥ፣ የአገር ግዛት ሚኒስትር፣ የመከላከያ ሚኒስትር ሆነዋል። በ1935 ትግራይ ውስጥ የወያኔ አመፅ የሚባለው ሲነሳ እንዲያበርዱ የተላኩት እሳቸው ናቸው። አመፁ በግብር ጫናና በሹማምንት በደል የተቆጣ ገበሬም ነበረበት። በ1936 መጀመሪያ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ከኤደን እየተነሱ በመቀሌና በአካባቢዋ ቦምብ ጣሉ፤ ገበያተኛ አለቀ። ጸጥታው ተመለሰ። ጸጥታ ሲመለስ ግን ሁልጊዜ ፍትሕ አብሮ አይመለስም። ይህን ፖሊስ ሁሉ ያውቀዋል፤ የራስ አበበ ስም የሚከብዳቸው ኢትዮጵያውያን መኖራቸውንም የምናስታውስ ከሆነ ማስታወሳችን ሙሉ ይሆናል።

ወደ 1953 እንምጣ። የአዲስ አበባ ፖሊስ ከድሮው ፖሊስ ጋር አይገናኝም። በ1934 የፖሊስ አዋጅ ወጥቷል፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እንግሊዛውያን ሹማምንት አደራጅተውታል፤ አባዲና ፖሊስ ኮሌጅ መኮንኖች ያስመርቃል። የክብር ዘበኛውም ቢሆን በቃኘው ሻለቃ ስም ኮርያ ድረስ ዘምቶ ስም አስጠርቶ ተመልሷል። የሠለጠነ፣ ደንብ ልብሱ የተተኮሰ፣ ሰላምታው የሚያምር ኃይል ነው። ባላምባራስ አበበ በ1928 ያልነበራቸው ሁሉ አለ።

ታኅሣሥ 4 ማታ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ብራዚል ሳሉ፣ የክብር ዘበኛው አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ግርማሜ ንዋይ፣ የጸጥታው ኃላፊ ኮሎኔል ወርቅነህ ገበየሁ፣ እንዲሁም የፖሠራዊቱ አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል ጽጌ ዲቡ መፈንቅለ መንግሥት ጀመሩ። ሚኒስትሮችና መኳንንት እየተጠሩ ተያዙ። ከተያዙት አንዱ የመከላከያ ሚኒስትሩና የሚኒስትሮች ምክር ቤት ሊቀመንበሩ ራስ አበበ አረጋይ ነበሩ። ነገሩን ቀስ ብላችሁ አስቡት፤ የአገሪቱ የፖሊስ አዛዥ ከቀድሞው የአዲስ አበባ ፖሊስ አዛዥ ካሳሪዎች ወገን ቆመ።

የተነሱበት ምክንያት ባዶ ነበር አልልም። በማግስቱ አልጋ ወራሹ በራዲዮ ያነበቡት መግለጫ ስለ አገሪቱ ኋላ ቀርነት፣ ስለ ድህነቷ፣ ሌሎች የአፍሪካ አገሮች ጥለዋት ስለ መሄዳቸው ይናገር ነበር። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች ደግፈው የወጡት ያለ ምክንያት አይደለም። ከዚያ በኋላ የመጣው የተማሪ እንቅስቃሴ ሁሉ የሚጀምረው ከዚያች ቀን ነው የሚሉ አሉ፤ አልከራከርም። ነገር ግን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ነውና ምድር ጦሩና አየር ኃይሉ ከነሱ ጋር አልሆኑም። ጳጳሱም አወገዟቸው። በጄኔራል መርዕድ መንገሻና በጄኔራል ከበደ ገብሬ የሚመራው ጦር ታኅሣሥ 6 ማጥቃት ጀመረ። የአሜሪካው አምባሳደር አርተር ሪቻርድስ ለማስታረቅ ሞክረው አልሆነላቸውም።

ታኅሣሥ 7 ጦሩ ገነተ ልዑል ደጃፍ ደረሰ። የመፈንቅለ መንግሥቱ መሪዎች ማምለጣቸው ሲሆን፣ በአረንጓዴው ሳሎን ባሉት እስረኞች ላይ መትረየስ ተኮሱባቸው። አሥራ አምስት ያህል ሰው ሞተ። ራስ አበበ አረጋይ ሞቱ። ትግራይን ከሳቸው በፊትም በኋላም ያስተዳደሩት ራስ ሥዩም መንገሻ አጠገባቸው ሞቱ። ክብር ዘበኛውን ቀድሞ ያዘዙት፣ ቃኘውን ያሰናዱት ጄኔራል ሙሉጌታ ቡሊ በዚያው በክብር ዘበኛው አዛዥ እጅ ሞቱ። አርበኛው ደጃዝማች ልጥይበሉ ገብሬ፣ መኰንን ሀብተ ወልድ፣ አባ ሐና ጅማ ሞቱ። በየካቲት 12 የጣሊያን መትረየስ የጮኸበት ቤተ መንግሥት ውስጥ፣ ጣሊያን አምስት ዓመት አሳዶ ያላገኛቸውን ሰው የገደሏቸው የራሳቸው አገር መኮንኖች ናቸው። ዕድሜያቸው ሃምሳ ሰባት ገደማ ነበር።

ገዳዮቹም አልሰነበቱም። ጄኔራል ጽጌ በውጊያው ሞቱ። ግርማሜ ንዋይ ከቀናት በኋላ ከከተማ ውጭ ተከበው አለቁ። ጄኔራል መንግሥቱ ቆስለው ተይዘው፣ ተፈርዶባቸው በመጋቢት ተሰቀሉ።

በይፋ የተነገረው የሟች ቁጥር 324 ነው፦ 174 ከክብር ዘበኛው፣ 29 ከጦር ሠራዊቱ፣ 121 ደግሞ ሲቪል። የቆሰለው 785። እኔን የሚከነክነኝ እነዚያ 174ቱ ናቸው። ከተራው ወታደር ብዙው የሚዋጋው ለንጉሡ መስሎት ነበር። አለቃው ተነስ አለው፤ ተነሳ። ተኩስ አለው፤ ተኮሰ። ከነሱ መካከል ኮርያ በረዶ ላይ ተዋግቶ የተመለሰ አይጠፋም። እንግዲህ ይህ ሰው በሥራ ላይ ሞተ ይባላል ወይስ በአመፅ? ሚስቱ ምን ብላ ታልቅስ? ልጁ ትምህርት ቤት አባትህ ምን ሆኖ ሞተ ሲሉት ምን ይበል? በአገራችን የተሸነፈ ወገን ወታደር ሐውልት የለውም። ስሙን ማንሳት ራሱ ሲያስፈራ ኖሯል።

«በሥራ ላይ ሳለ የሞተ» የሚለው ቃል ቀላል ይመስላል። ሌባ ሲያሳድድ የተገደለ ፖሊስ፣ ኬላ ሲጠብቅ የወደቀ ወታደር ነገሩ ግልጽ ነው፤ እናከብረዋለን። ሥራው ምን እንደሆነ በማይታወቅበት ቀን ግን ግራ ይገባናል። ሚያዝያ 1928 ላይ የፖሊስ ሥራው ምን ነበር? ታኅሣሥ 1953 ላይስ? ከሁለቱ ቀናት የምንማረው አንድ ነገር ያለ ይመስለኛል። ትእዛዝ ሲጠፋ፣ ወይ ትእዛዝ ሁለት ሲሆን፣ ለጠባቂ የሚቀረው መለኪያ በእጁ ያለው ሰው ነው። ባዶ እጁን በፊትህ የቆመ፣ አንተ ብቻ ልትጠብቀው የምትችል ሰው። በ1933 የጣሊያን ሴቶችና ሕፃናት በአርበኛው እጅ ነበሩ፤ ዳኑ። በ1953 የገነተ ልዑል እስረኞች በክብር ዘበኛው እጅ ነበሩ፤ አልዳኑም። ስለ አርበኛውና ስለ መኮንኑ፣ ስላልተማረውና ስለተማረው ብዙ እናወራለን፤ በዚህች መለኪያ ግን የበለጠው ጎፈሬያሙ ነው።

ደግሞም በዚያ አላበቃም። ከአሥራ አራት ዓመት በኋላ፣ ኅዳር 14 ቀን 1967 ሌሊት፣ ደርግ ስድሳ ያህል ሰዎችን ያለ ፍርድ ረሸነ። አብዛኞቹ እጃቸውን በሰላም የሰጡ፣ በመንግሥት ጥበቃ ሥር የነበሩ እስረኞች ናቸው። ከዚያ ወዲህ በቀይ ሽብር ጊዜ የሆነው ታሪክ ነው። እስረኛ መግደል አንዴ ከተለመደ በኋላ ገዳዩ ይቀያየራል እንጂ ልማዱ ቶሎ አይለቅም። መንገዱን የከፈተችው ያቺ የአረንጓዴው ሳሎን ቀን ናት ብል የተጋነነ አይመስለኝም።

ገነተ ልዑል በ1954 ለዩኒቨርሲቲው ተሰጠ። ዛሬ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምና ሙዚየሙ ያሉት እዚያ ነው። ተማሪው መጽሐፉን ይዞ ይገባል ይወጣል፤ ቱሪስቱ የንጉሡን መኝታ ቤት ያያል። ደም የፈሰሰበት ቤት የዕውቀት ቤት መሆኑ መልካም ነው። ከግቢው ወጣ ሲሉ ስድስት ኪሎ አደባባይ ላይ የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት ቆሟል፤ በየዓመቱ አበባ ይቀመጥለታል። በጠላት እጅ ስለሞቱት ማልቀስ ለምደናል። በራሳችን እጅ ለሞቱት ግን ገና አንድ ቀን እንኳ አልቆረጥንላቸውም፤ በማን ወገን ሆነን እንደምናለቅስ አልተስማማንማ!

የፖሊስ አባል ሆኖ በሥራ ላይ የሞተ ሰው ሲታሰብ፣ ከዝርዝሩ ራስ ላይ ያ የሠላሳ ምናምን ዓመት ባላምባራስ ቢጻፍ አልቃወምም። በሕይወታቸው ሁሉ ስላሸነፉ አይደለም። ከተማቸውን በመጀመሪያ ሳያድኑ ቀርተዋል፤ በመጨረሻም ራሳቸውን የሚያድን ዘበኛ አጥተዋል። በመሃል ግን አንድ ቀን፣ እንጦጦ ላይ፣ ሺህ ጠመንጃ ከኋላቸው ቆሞ፣ ከተማዋ ከእግራቸው ሥር ተኝታ፣ ማንም ምንም ሳይሆን ዋለ።

የፖሊስ ሥራ ሲሳካ እንዲህ ነው። የሚወራ ነገር አይኖረውም።